በሣጥንህ የቀረው የአዮ ዲንቄ ይግባኝ

አባዬ፣

እንዴት ከርመሃል? ከተለያየን ዛሬ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነን። ቀን አቆጣጠር ያስተማርከኝ አንተ ነህና አልተሳሳትኩም፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ዕድሜ ልካችንን በኦሮምኛ ስናወራ ኖረን ብዕር ስንጨብጥ ግን አማርኛ ነው የሚመጣልን፤ ይህም ያንተው ሥራ ነው። ስለዚህ በለመድነው እጽፍልሃለሁ። አቤቱታ እንዳይመስልብኝ እየተጠነቀቅሁ ነው፣ ግን እጄ እንዴት እንደለመደ ታውቃለህ፤ ትንሽ ከዘነጋሁ መጨረሻው ላይ “አመልካች” ብዬ መፈረሜ አይቀርም።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። እኅቴ ጽጌ አኖ ላይ የወለደቻት ልጅ መዳህ ጀምራለች። ያንተን ትልልቅ ጆሮ ይዛ መጥታለች ምስኪን፤ ስታድግ ነጠላ ይሸፍነዋል እያልን እንጽናናለን። የጓዳው ጣሪያ ክረምቱን አልቻለም፣ አዲስ ቆርቆሮ መታንበት። እማዬ ደኅና ናት። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ትዘምራለች፣ ከእኔ ጋር ግን ሦስት ሳምንት ያህል አልተነጋገረችም ነበር። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ጠረጴዛህን እኔ ይዤዋለሁ። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ የጉራጌው ባለሱቅ በረንዳ ላይ፣ ከሌላው ጸሐፊ ከጋሼ ተሰማ አጠገብ አንተ በተቀመጥክበት ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ይመጣና ጸሐፊው የት ሄዱ ይለኛል። እኔ ነኝ ስለው ፈገግ ብሎ ወደ ጋሼ ተሰማ ይዞራል። እሳቸው ደግሞ ይኸን ሁሉ ዘመን ነቀምቴ ኖረው ኦሮምኛቸው ከገበያ አላለፈም፤ ሰውየው ሲቸግረው ተመልሶ እኔው ጋ ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ለመዱኝ። የጸሐፊው ልጅ ይሉኛል እንጂ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ቅር አይለኝም።

ያንተን ያህል መስማት ግን አልችልበትም። አንዱ ስለጠፋችው ላም ሊከስ መጥቶ ከአያቱ ጋብቻ ሲጀምር እኔ ጠረጴዛውን በብዕሬ መቆርቆር እጀምራለሁ። አንተ ዝም ብለህ ታስወራው ነበር። ሲደክመው አራት ነገር ትጠይቀዋለህ፤ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ። ያ ሁሉ ወሬ ግማሽ ገጽ ላይ ያልቃል። ዋናው ሥራህ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የጻፍከውን መሥመር በመሥመር ወደ ኦሮምኛ እየመለስክ ለባለጉዳዩ ታነብለታለህ፤ አይደለም ያለውን ትሰርዛለህ፣ አስተካክለህ እንደገና ታነባለህ። ጣቱን ቀለም የሚያስነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያ ከአኖ የመጣው ችኩል ነጋዴ ትዝ ይልሃል? መኪና ሊያመልጠኝ ነው፣ አምንሃለሁ፣ ዝም ብለህ አስፈርመኝ ብሎ ሲጨቀጭቅህ የቀለሙን ቆርቆሮ ከፊቱ አንስተህ ጉልበትህ ላይ አስቀመጥከው። ጆሮው ያልሰማውን ጣቱ እንደማይፈርም ነገርከው። መኪናው አመለጠው፣ አንተንም ሲያማርርህ ዋለ፤ በዓመቱ ግን ወንድሙን አስከትሎ ያንተው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ አየነው።

በመጨረሻው ዓመት የምትጽፍም የምታነብም አንተ አልነበርክም። እኔ እየነገርኩሽ አንቺ ጻፊ፣ አንቺው አንብቢ፣ ልምምድ ይሆንሻል አልከኝ። ጉንጭህን በመዳፍህ ደግፈህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ታዳምጣለህ፤ አንድ ቃል ስዘል ወዲያው ታውቅብኛለህ። እኔም ኮራሁልህ። አባቴ ሥራውን ሊያወርሰኝ ነው ብዬ ለጽጌ ሳይቀር ደብዳቤ ጻፍኩላት። ደረጃውን ስትወርድ ትከሻዬን መያዝህን እርጅና ነው አልኩ። ዓይንህ ሞራ ለብሶ እንደነበረ፣ እማዬ ጫማህን ቀኝና ግራውን ለይታ እግርህ ሥር ታስቀምጥልህ እንደነበረ፣ ለማንም እንዳትናገር አስምለሃት እንደነበረ የሰማሁት ከተቀበርክ በኋላ ነው። ዓይኑን ያጣ ጸሐፊ ማን ይፈልጋል ብለህ ፈርተህ ይሆናል። ይህ ይገባኛል። ግን እኔን ምን ብለህ ፈራኸኝ? አጠገብህ ተቀምጬ ዓይን ሆኜልህ ስውል፣ ዓይን መሆኔን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በዚህ አዝኜብሃለሁ፤ ልሸፋፍንልህ አልፈልግም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

የኡኬዋን አዮ ዲንቄን፣ እንደ እናት አዮ የምንላቸውን፣ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃቸዋለህ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀታቸውን ስትጽፍላቸው ኖረሃል። ባላቸው ሲሞቱ የባላቸው ወንድም ማሳው የእኔ ነው ብሎ ከሰሳቸው፣ ወረዳው ፍርድ ቤትም ለእሱ ፈረደለት። ማሳው ከነቤታቸው ነው። ከእሱ ሌላ እሳቸውና ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው እግራቸውን የሚያሳርፉበት መሬት የላቸውም። በፈረደ በሰባተኛው ቀን የፍርዱን ግልባጭ ይዘው ይግባኝ ጻፍልኝ ብለው አንተ ጋ መጡ። ለይግባኝ ስልሳ ቀን እንዳለ ለእኔም ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ።

ያን ሳምንት እኔ ጽጌን ላርሳት አኖ ሄጃለሁ። ግልባጩን ተቀበልካቸው። ማንበብ አትችልም። ጋሼ ተሰማ ክንድህን ብትዘረጋ የምትነካቸው ሰው ናቸው፤ እሳቸውን አንብቡልኝ አላልክም። ልጄ ሰሞኑን ትመጣለች፣ ያኔ እንጽፈዋለን ብለህ ሸኘሃቸውና ወረቀቱን ሣጥንህ ውስጥ ከሁሉ በላይ አስቀመጥከው፤ ቀኑ የቀረበ ጉዳይ ሁልጊዜ ከላይ ነበርና። እኔ ደግሞ የጽጌ ወተት አልወርድ ብሎ፣ ሕፃኗ ትኩሳት ይዟት፣ ዛሬ ነገ ስል ወሩ ሊሞላ ደረሰ። መታመምህ ተነግሮኝ ስደርስ የሳንባ ምች ጥሎሃል። በማግሥቱ ነው ያረፍከው። ያን ቀን እጄን ይዘህ ወረቀት፣ ወረቀት ስትለኝ እኔ ምን አልኩህ? አሁን እንኳ ሥራህን ተወው አልኩህ። ደግ የተናገርኩ መስሎኝ ግንባርህን ሳምኩህ።

ያረፍክ ቀን ከስልሳው ሃያ አምስት ቀን ይቀር ነበር። አንድ ማመልከቻ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይበቃኛል። ሣጥኑን ግን የከፈተው የለም። ታላቅ ወንድምህ ከጊምቢ ሳይመጣና ሽማግሌ ሳይቀመጥ የሟች ሣጥን አይከፈትም ተባለ፤ እማዬ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። እኛ ተዝካር የምንደግስ ሰዎች አይደለንም፣ ለሣጥን ሲሆን ግን ወግ አጥባቂ ነን። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት አጎቴ የደረሱት በአርባኛው ቀን ነው። እኔም አንድ ቀን እንኳ ክፈቱልኝ አላልኩም። አባቷ ሳይበርድ ሣጥን የምትበረብር ልጅ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

አዮ ዲንቄ ለልቅሶህ መጡ። አንድ ቁና ጤፍ ተሸክመው ከኡኬ በእግራቸው መጡ፤ ሦስት ቀን ከእማዬ አጠገብ ተቀምጠው ሲያለቅሱላት፣ ውኃ ሲቀዱ፣ ለለቀስተኛው ሲያቀርቡ ሰነበቱ። ሣጥንህ ከጀርባቸው ነበር። ስለ ወረቀታቸው ቃል አልተነፈሱም። ከሁለት ሳምንት በኋላም ጎመን ይዘው ተመልሰው መጡ፤ ጀባዻ፣ በርቱ ብለውን ሄዱ። ያን ቀን እንኳ አሥር ቀን ገደማ ቀርቶ ነበር። ሐዘንተኛን ስለ ጉዳይ መጠየቅ እዚህ አገር ምን ያህል ነውር እንደሆነ እኔ ለአንተ አልነግርህም። ምነው ነውረኛ በሆኑ ኖሮ!

ሣጥኑ ሲከፈት ከላይ ያገኘሁት የእሳቸውን ግልባጭ ነው። የፍርዱን ቀን አነበብኩ፣ በጣቴ ቆጠርኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ። ካለፈ አሥራ አምስት ቀን ሆኖታል። አጎቴ ያንተን ካፖርት እየለኩ ነበር።

በቂ ምክንያት ካለ ጊዜው ያለፈበትን ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሊፈቅድ እንደሚችል ታውቃለህ። ጋሼ ተሰማ የመከሩኝ አጭሩን መንገድ ነው፤ ጸሐፊው ስለሞቱ ብለሽ ጻፊና ተይው አሉኝ። እማዬም ይኸንኑ ፈለገች። እኔ ግን ዳኛው ቀን መቁጠር እንደሚችሉ አውቃለሁ። ወረቀቱ አንተ በሕይወት እያለህ ሃያ ስምንት ቀን እጅህ ላይ ውሏል። በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ ለምን አልጻፈም ቢሉኝ ምን ልመልስ? ሰነፍ ነበር ልበል? ያለኝ እውነት አንድ ነው፤ አላየም፣ አለማየቱንም ደብቋል። ይኸን ስናገር እማዬ መጀመሪያ ለመነችኝ፣ ቀጥላ ተቆጣችኝ። ሰው አፈር ያለበሰውን አንቺ ፍርድ ቤት ደጃፍ ልታወጪው ነው ወይ አለችኝ። ዓይኑ አያይም ነበር ከተባለ ያለፈው ዓመት ባለጉዳይ ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ኋላ መጥተዋል፣ እኔም የያንዳንዳቸውን ግልባጭ እያወጣሁ አንብቤላቸዋለሁ። እስካሁን ስሕተት አላገኘሁም።

ቢሆንም ጻፍኩት። ያንተን ዓይን ነገር ሰባት መሥመር ላይ አስቀመጥኩት። ዓይናቸው ማየት ተስኖት ነበር፤ ይህንንም ከሰው ሰውረው ነበር፤ አመልካቿ ይህን ስላላወቁ ይግባኛቸው እየተጻፈ መስሏቸው ጠበቁ፤ እያልኩ። አላወቁም ብዬ የጻፍኩት አዮ ዲንቄን ጠይቄ አይደለም። እኔ ልጁ ሳላውቅ እሳቸው ከየት ያውቃሉ ብዬ ነው።

ከዚያ ጠራኋቸውና እቤት መጡ። እማዬ ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች። እንዳስተማርከኝ መሥመር በመሥመር ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ ማንበብ ጀመርኩ። እነዚያ ሰባት መሥመሮች ጋ ደረስኩ። በአማርኛ ስጽፋቸው የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስሉ ነበር፤ አንተን በጠራሁበት አፍ፣ እማዬ እየሰማች፣ አባቴ ዕውር ነበር፣ ሲያታልላችሁ ነበር ማለት አቃተኝ። ዘለልኳቸው። ከላይኛው መሥመር ወደ ታችኛው ተሻገርኩና ጸሐፊው ታመው ስለሞቱ ብዬ ጨረስኩት። አዮ ዲንቄ ገለቶሚ ብለው አመስግነውኝ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩ። እኔም ያልሰሙትን አስፈረምኳቸው።

አባዬ፣ ይኸን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዘመንህን ሙሉ ያላደረግኸውን እኔ በጥቂት ወር አደረግሁት።

ቀጠሮው ለወራት ሲገፋ ከርሞ ቁርጡ ቀን ሲነገረን እማዬ ጭራሽ አኮረፈችኝ። የቀጠሮው ዕለት ችሎቱ ሞልቶ ነበር። የእነ ጋሼ ተሰማ ደንበኞች፣ የሰፈራችን የጨለለቂ ሰዎች፣ ሁሉም አሉ። ዳኛው ማመልከቻውን አነበቡና የቆጠሩት እንዳልኩት ቀኑን ነው። ከዚያ አስተርጓሚው ሰባቱን መሥመሮች ለአዮ ዲንቄ በኦሮምኛ እንዲነግራቸው አዘዙ። አዮ ዲንቄ ዞር ብለው አዩኝ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፣ ግራ የተጋቡ ይመስሉ ነበር። ዳኛው ጸሐፊው እንደማያዩ አያውቁም ነበር ወይ ብለው ጠየቋቸው። እሳቸው ደግሞ የማሉበትን አፍ ለመሬት ብለው የሚያጥፉ ሴት አይደሉም። አውቅ ነበር አሉ።

ያወቁት ግልባጩን የሰጡህ ዕለት ነው። ወረቀቱን ማኅተሙ ወደ ላይ ሆኖ ገልብጠህ ይዘህ፣ ከንፈርህን እያንቀሳቀስክ የምታነብ ስትመስል አይተውሃል። መንጠቅ አማራቸው። ግን በረንዳው ላይ ሰው ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት የጻፈልኝን ሰው በሕዝብ ፊት ዕውር ነህ ልበለውን አሉ። ልጁ ስትመጣ ይስተካከላል ብዬ ተውኩት፤ ከዚያ ሞተ፤ በልቅሶው መሐል ደግሞ ወረቀቴን ስጡኝ አይባልም አሉ። አስተርጓሚው ይኸን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያሳጠረው፤ አወቁ፣ ዝም አሉ ብሎ። ተነሥቼ እንዲህ ብቻ አይደለም ያሉት ብዬ ልጮህ ፈለግሁ። የመናገር ፈቃድ የለኝም።

ዳኛው ክፉ ሰው አይደሉም። ማመልከቻው አላወቅሁም ይላል፣ አመልካቿ አውቅ ነበር ይላሉ፤ የትኛውን ልመን አሉ። ካወቁም ወደ ሌላ ጸሐፊ የሚሄዱበት ቀን ነበራቸው አሉ። ይግባኙ አልተፈቀደም። እነዚያን መሥመሮች እቤት ባነብላቸው ኖሮ አይደለም፣ አውቅ ነበር ይሉኝ ነበር፤ እኔም እሰርዝና እንዳሉት አድርጌ እጽፈው ነበር። ምናልባት ያኔም አይፈቀድ ይሆናል። ቢያንስ ግን ቃላቸው እንደ ተናገሩት፣ ሙሉውን፣ ዳኛው ፊት ይደርስላቸው ነበር። ውሸታም አላሰኛቸውም ነበር።

ውጭ ስንወጣ ያን ክፍል ለምን እንዳላነበብኩላቸው ጠየቁኝ። አፍሬ ነው አልኳቸው። እጄን ይዘው እኔም አፍሬ ነው አሉኝ። ከዚያ ሁለታችንም እዚያው መንገድ ላይ እንደ ልጅ አለቀስን።

የባላቸው ወንድም ቤቱን እንዲያፈርሱና መሬቱን እንዲለቁለት እስከ ነገ ቅዳሜ ቀን ሰጥቷቸዋል። ለእማዬ የችሎቱን ነገር ሰው ነገራት። በሦስተኛው ቀን ጓሮ ስገባ ጎመኗን ነቅላ ጨርሳ፣ ከአጥሩ እስከ ጓዳው ግድግዳ መሬቱን በእርምጃዋ ስትለካ አገኘኋት። ስንት ክፍል ይበቃቸዋል ብላ ጠየቀችኝ፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ የሰማኋት የመጀመሪያ ቃል ይኸ ነበር። ነገ ማለዳ ሦስታችን ሆነን፣ ጽጌም ከአኖ መጥታለች፣ ኡኬ ሄደን ምሰሶውንና በሩን እናወርዳለን። ባለሱቁ ጋሪ ፈልጎልናል።

ሰው ሁሉ እዚህ በደግ ያነሣሃል፤ ደግም ነበርክ። እኔ ግን በደግነትህ ብቻ አላስታውስህም፣ ይኸን እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ኩራትህን አስታውሳለሁ፣ የደበቅህብኝን አስታውሳለሁ፣ ከአንተ የወረስኩት ጠረጴዛህን ብቻ እንዳልሆነም አስታውሳለሁ። ከነገ ወዲያ ጧት ጧት በራችንን ስከፍት አዮ ዲንቄን በጓሮአችን አያቸዋለሁ፤ መሬት የነበራቸው ሴት በሰው ጓሮ። እንደምን አደሩ ባልኳቸው ቁጥር አስታውስሃለሁ አባዬ፤ በፍቅርም፣ በቅያሜም።

ልጅህ